ያለ ኢንሹራንስ የመጣ የሆስፒታል ቢል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ሳይኖረው ሆስፒታል ገብቶ ለወጣ ሰው መካሪ አይጠፋም። አንዱ «ዝም በለው፣ ይረሱታል» ይላል። ሌላው «በወር አምስት ዶላር ጣል ጣል አድርግ» ይላል። ሦስተኛው «ደውለህ ተከራከር፣ ግማሹን ይቀንሱልሃል» ይላል። የሦስተኛው ይሻላል፤ ግን እሱም ቅደም ተከተሉን ስቷል። መጀመሪያ የሆስፒታሉ የእርዳታ ማመልከቻ ይሞላል፣ ቀጥሎ ቢሉ መስመር በመስመር ይፈተሻል፣ የዋጋ ድርድር የሚጀመረው በተረፈው ላይ ነው። 8,000 ዶላሩን በክርክር 4,000 አድርሶ በደስታ የከፈለ ሰው፣ ማመልከቻውን ቢያስገባ ኖሮ ምንም ላይከፍል ይችል ነበር።

«ቢሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሕክምናው ዋጋ ነው»

ቁጥሩ የሚመጣው ሆስፒታሉ ራሱ ካወጣው «ቻርጅማስተር» ከሚባል የዋጋ ዝርዝር ነው። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) በራሱ ተመን ይከፍላል፣ የግል ኢንሹራንሶችም በውል ያስቀንሳሉ። ሙሉው ዋጋ የሚጠየቀው በአብዛኛው ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ነው። ከጃንዋሪ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ሆስፒታል በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው የሚሰጠውን ቅናሽ ዋጋና ከየኢንሹራንሱ ጋር የተስማማበትን ዋጋ በድረ ገጹ ላይ እንዲያወጣ ይገደዳል። ያንን ገጽ ፈልገው ያትሙት፤ በኋላ ይጠቅምዎታል።

ሜሪላንድ ግን ለብቻዋ ናት። እዚያ የሆስፒታል ዋጋ የሚወስነው የስቴቱ ኮሚሽን ስለሆነ ኢንሹራንስ ያለውም የሌለውም የሚጠየቀው በዚያው ተመን ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ዋጋ ላይ ከሚከራከር ይልቅ ጉልበቱን ቀጥሎ ባለው ነጥብ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

«ቻሪቲ ኬር (የሆስፒታሉ የገንዘብ እርዳታ) ሥራ ለሌለውና ለዜጋ ብቻ ነው»

ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው የተሳሳተ አመለካከት ይህ ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ከግብር ነጻ የሚሆነው፣ በታክስ ሕጉ 501(r) በሚባለው ክፍል መሠረት የተጻፈ የገንዘብ እርዳታ ፖሊሲ ሲኖረውና ለሕዝብ ሲያሳውቅ ነው። እርዳታው የሚገባው ሰው ለድንገተኛም ሆነ ለአስፈላጊ ሕክምና፣ ኢንሹራንስ ላላቸው በአብዛኛው ከሚጠየቀው በላይ ሊጠየቅ አይችልም። የገቢ ጣሪያውን የፌዴራል ሕጉ አይወስንም፤ ሆስፒታሉ ወይም ስቴቱ ነው የሚወስነው።

ልኩ የፌዴራል የድህነት መስመር ነው። በ2025 ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ መስመሩ 200 በመቶ ገቢ ያለው በነጻ፣ እስከ 300 በመቶ ያለው በቅናሽ ይታከማል፤ የሕክምና ዕዳው በአንድ ዓመት ውስጥ ከቤተሰቡ ገቢ ሩብ በላይ ከሆነ ደግሞ ቅናሹ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከ2022 ጀምሮ በትልልቆቹ ሆስፒታሎች እስከ 300 በመቶ ድረስ ቢሉ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል። በ2025 ልክ ሲሰላ፣ ሲያትል ውስጥ በዓመት እስከ 96,450 ዶላር የሚያገባ አራት ሰው ያለበት ቤት ማለት ነው። ታክሲ የሚነዳ አባትና ነርሲንግ ሆም የምትሠራ እናት እዚያ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ የቅናሹ ጣሪያ 400 በመቶ ነው።

ብዙ ሆስፒታሎች የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቁም፤ አንዳንዱ የስቴቱ ወይም የካውንቲው ነዋሪ መሆንን ይጠይቃል። ሆስፒታሉ ከራሱ የሚሰጠው ቅናሽ የመንግሥት ጥቅማጥቅም አይደለም፤ የግሪን ካርድ ጉዳይ ያለበት ሰው ይህን ለይቶ ይያዘው።

ማመልከቻው «ፋይናንሻል አሲስታንስ አፕሊኬሽን» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ያለፈው ዓመት ታክስ ሪተርን፣ የቅርብ ጊዜ ፔይ ስታብና የባንክ ስቴትመንት፣ እንዲሁም የቤተሰቡ አባላት ዝርዝር ነው። ውድቅ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ገቢ ሳይሆን የጎደለ ወረቀት ነው፦ ያልተፈረመ ገጽ፣ ከሦስት ገጽ አንዱ ብቻ የተላከ የባንክ ስቴትመንት፣ ወይም ገቢ ለሌለው ሰው ማን እንደሚያኖረው የሚገልጽ ደብዳቤ አለመኖሩ። አንዳንድ ሆስፒታል መጀመሪያ ከሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ከሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) የተከለከሉበትን ደብዳቤ ይጠይቃል። በእጅ ካስገቡ ቀን ያለበት ማህተም ያስደርጉ፣ በፖስታ ከላኩ ደረሰኝ በሚያሰጠው ሰርቲፋይድ ሜይል ይሁን።

ሆስፒታሉ በሚያገለግለው አካባቢ እንግሊዝኛ የማይችሉ አንድ ዓይነት ቋንቋ ተናጋሪዎች 1,000 ሰው ወይም ከሕዝቡ 5 በመቶ ከደረሱ (ያነሰው ቁጥር ይወሰዳል) ፖሊሲውንና ማመልከቻውን በዚያ ቋንቋ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ የአማርኛ ቅጂ መኖሩን ይጠይቁ። ስልክ ላይም ነጻ አስተርጓሚ መብትዎ ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የቢል ክርክር አስተርጓሚ አይሁን።

ለትርፍ የሚሠሩ ሆስፒታሎች 501(r) አይመለከታቸውም። ቢሆንም ብዙዎቹ የራሳቸው ፖሊሲ አላቸው፣ አንዳንድ ስቴትም ያስገድዳቸዋል።

«አንዴ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ዘንድ) ከሄደ ወይም ከከፈልኩ አበቃ»

አላበቃም። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል፣ ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ እስከ 240 ቀን ማመልከቻ የመቀበል ግዴታ አለበት። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት መክሰስም ሆነ ለክሬዲት ቢሮ ማሳወቅ አይችልም፤ ከዚያ በኋላም ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ አለበት። እርዳታው ከተፈቀደልዎ ከሚገባው በላይ የከፈሉት 5 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይመለስልዎታል፣ የተጀመረው የማስከፈል እርምጃም ይቀለበሳል። ዕዳው ኮሌክሽን ዘንድ ቢሆንም ማመልከቻው የሚገባው ለሆስፒታሉ ነው።

«አንድ ማመልከቻ ሁሉንም ቢል ይሸፍናል»

ሆስፒታሉ አንድ ቢል ይልካል፤ የኢመርጀንሲው ሐኪም፣ ራጅ ያነበበው፣ ማደንዘዣ የሰጠው፣ አምቡላንሱ ደግሞ የየራሳቸውን። ብዙዎቹ የሆስፒታሉ ተቀጣሪዎች አይደሉም። ፖሊሲው የትኞቹን ሐኪሞች እንደሚሸፍን ዝርዝሩን ማውጣት ግዴታ ስለሆነ ዝርዝሩን ይጠይቁ፤ ውጭ ለቀሩት የሆስፒታሉን የእርዳታ ውሳኔ ኮፒ አያይዘው ተመሳሳይ ቅናሽ ይጠይቁ።

«ኢመርጀንሲ በሕግ ነጻ ነው»

የ1986ቱ ኤምታላ የሚባለው ሕግ ኢመርጀንሲ የመጣን ሰው ገንዘብ አለው የለውም ሳይሉ እንዲመረምሩና ሁኔታው እንዲረጋጋ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ቢል አይላክ አይልም። ከዚህ ጋር የሚምታታው ኢመርጀንሲ ሜዲኬይድ ነው፦ በገቢው ሜዲኬይድ የሚገባው፣ በኢሚግሬሽን ሁኔታው ብቻ የቀረበት ሰው ለድንገተኛ ሕክምና (ወሊድን ጨምሮ) የሚያገኘው ሽፋን። ሜዲኬይድ በብዙ ስቴት ካመለከቱበት ወር በፊት እስከ 3 ወር ወደ ኋላ ይከፍላል፤ በ2025 የወጣ ሕግ ግን ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ይህን ለአንዳንዱ ወደ 1፣ ለሌላው ወደ 2 ወር ያወርደዋል። እዚህ ላይ መዘግየት በቀጥታ ገንዘብ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ያለው ፋይናንሻል ካውንስለር ማመልከቻውን አብሮ ይሞላል፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ በሂደት ላይ ያለበት ሰው አስቀድሞ ጠበቃውን ይጠይቅ።

«ቢሉ በኮምፒውተር ስለሚሠራ አይሳሳትም»

ኮምፒውተሩ የሚደምረው ሰው ያስገባውን ነው። በፖስታ የሚመጣው ማጠቃለያ ለምርመራ አይሆንም። «አይተማይዝድ ቢል» ብለው ይጠይቁ፤ በየመስመሩ ቀን፣ ባለ አምስት አሃዝ ሲፒቲ ኮድ (የአገልግሎቱ መለያ ቁጥር)፣ ብዛትና ዋጋ ያለበት ይሁን። አብረው ሜዲካል ሬኮርድዎን ይጠይቁ፤ የነርስ ማስታወሻና መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት መዝገብ እንዳይቀር። ሂፓ በሚባለው የሕክምና መረጃ ሕግ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥዎ ይገባል። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብቡ።

የኢመርጀንሲ ጉብኝት ከ99281 እስከ 99285 ባለ ኮድ ይከፈላል፣ የመጨረሻው ከባዱ ነው። ቁርጭምጭሚት ወልም ብሎ በፋሻ ታስሮ ቤት የተላከ ሰው 99285 ካየ፣ ደረጃው በምን መስፈርት እንደተሰጠ በጽሑፍ ይጠይቅ። ነገር ግን ያው ኮድ አንዴ በሆስፒታሉ፣ አንዴ በሐኪሙ ቢል ላይ ቢታይ ድግግሞሽ አይደለም፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ያስከፍላሉ። በዚህ ላይ ጮኸው የሚጀምሩ ሰዎች ትክክለኛውን ቅሬታቸውንም ያሳንሱታል።

ግሉኮስ ተሰቅሎልዎት ከነበረ 96360ን ይፈልጉ። ፈሳሽ ለመተካት የሚሰጥ የመጀመሪያ ሰዓት ኮድ ሲሆን፣ ቢያንስ 31 ደቂቃ ካልፈሰሰ አይጠየቅበትም። ተጨማሪው 96361 ደግሞ ከመጀመሪያው ሰዓት በላይ ሌላ ከ30 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። የነርሷ ማስታወሻ የተጀመረበትንና የተነቀለበትን ሰዓት ማሳየት አለበት። የተነቀለበት ሰዓት ካልተጻፈ መስመሩን ለመሞገት ጥሩ መሠረት አለዎት።

የደም ምርመራ ላይ 80053 አሥራ አራት ምርመራዎችን አንድ ላይ የያዘ ኮድ ነው፤ ስኳርና ክሬቲኒን ውስጡ አሉ። ከዚያው ደም 82947 (ስኳር) እና 82565 (ክሬቲኒን) ለብቻ ከተጻፉ ሁለት ጊዜ ተከፍሎባቸዋል። ታዝዞ የተሰረዘ ሲቲ ስካን፣ ሳይሰጥ የቀረ መድኃኒት፣ በ1 ፈንታ 10 የተጻፈ ብዛትም ይታያል። የቅሬታ ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ቀን፣ ኮድ፣ መጠን፣ ከሬኮርዱ የሚቃረነው ገጽ። መልስ እስኪመጣ ሂሳቡ «ሆልድ» ላይ እንዲውል ይጠይቁ።

«አስቀድመው የነገሩኝ ግምት አያስገድዳቸውም»

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ ከኪሱ ለሚከፍል ሰው «ጉድ ፌዝ ኤስቲሜት» የሚባል የተጻፈ ግምት መስጠት ግዴታ ነው። ቀጠሮው ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድሞ ከተያዘ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ፣ 10 የሥራ ቀን ቀድሞ ከተያዘ ወይም ራስዎ ከጠየቁ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጣል። ከአንድ ሐኪም ወይም ሆስፒታል የመጣው ቢል እሱ ከሰጠው ግምት በ400 ዶላር ወይም በላይ ከበለጠ፣ ቢሉ በወጣ በ120 ቀን ውስጥ 25 ዶላር ከፍለው ለገለልተኛ ዳኝነት ማቅረብ ይችላሉ፤ ከረቱ 25 ዶላሩ ከቢሉ ይቀነሳል። ጉዳዩ እስኪያልቅ ወደ ኮሌክሽን መላክ አይቻልም። መነሻው ያ ወረቀት ስለሆነ አይጣሉት። ጥያቄ ካለ የፌዴራሉ የእርዳታ መስመር 1-800-985-3059 ነው። በድንገት ኢመርጀንሲ ለገባ ሰው ይህ መንገድ አይሠራም።

«በየወሩ ትንሽ ከከፈልኩ ማንም አይነካኝም»

በጽሑፍ ያልተስማሙበት አምስት ዶላር ከኮሌክሽን አያድንም። ከዚህ የከፋው ግን ቢሊንግ ክፍሉ የሚያቀርበው የሕክምና ክሬዲት ካርድ ነው። በማስተዋወቂያው ጊዜ ካልተጠናቀቀ፣ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ሊመጣ ይችላል። ካርዱ ሆስፒታሉን ከከፈለ በኋላ ያለዎት ተራ የካርድ ዕዳ ነው፤ የሕክምና ዕዳ ጥበቃዎች አይከተሉትም። ወለድ የሌለው የሆስፒታሉ የራሱ የክፍያ ፕላን ይሻላል።

«ደውዬ ተስማምቻለሁ፣ በቂ ነው»

የእርዳታው ውሳኔና የስህተቱ እርማት ከመጣ በኋላ ነው ለድርድር የሚደወለው። «ቀንሱልኝ» ብቻ ብሎ መጠየቅ ደካማ ነው። ያተሙትን የዋጋ ገጽ ይዘው «ለዚህ ኮድ ከኢንሹራንስ የምትቀበሉት ይህን ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜ ይህን እከፍላለሁ» ማለት ይበረታል። ከዚያ ዝቅ ብለው ይጀምሩ፤ በእጅ ከሌለው በላይ ግን ቃል አይግቡ። ስልክ ያነሳው ሠራተኛ ከተወሰነ በመቶ በላይ የመቀነስ ሥልጣን ስለማይኖረው ሱፐርቫይዘር ይጠይቁ። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የሂሳብ ቁጥሩ፣ መጠኑ፣ የመክፈያው ቀንና «ቀሪው ተሰርዟል» የሚለው ቃል በደብዳቤ ይድረስዎት። ይህ ከሌለ ቀሪው ከዓመት በኋላ በሌላ ስም ሊመጣ ይችላል።

«ክሬዲቴን ያበላሸዋል» ወይም «ዝም ካልኩት ይጠፋል»

ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ የተከፈለን የሕክምና ኮሌክሽን፣ ዓመት ያልሞላውንና ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ከሪፖርት አውጥተዋል። የሕክምና ዕዳን ጨርሶ ለማውጣት የታሰበው የፌዴራል ደንብ በጁላይ 2025 በፍርድ ቤት ተሽሯል፤ ኒውዮርክና ኮሎራዶን የመሰሉ ስቴቶች ግን የራሳቸው ክልከላ አላቸው።

ኮሌክሽን ኤጀንሲ ሲጽፍልዎ፣ ማሳወቂያው በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን እንደማይቀበሉ በጽሑፍ ይላኩ፤ ማረጋገጫ እስኪልክ ማስከፈሉን ማቆም አለበት። ዕዳው ያረጀ ከሆነ ትንሽ መክፈል በአንዳንድ ስቴት የክስ ዘመኑን እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ስለሚችል መጀመሪያ ያጣሩ።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰ ዝምታ አይሠራም። በብዙ ስቴት መልስ መስጫው ከ20 እስከ 30 ቀን ነው፤ መልስ ካልገባ በሌሉበት ይፈረዳል፣ ብዙ ቦታም ከደመወዝ መቁረጥ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱ ላይ መጠኑን እንደሚቃወሙ ይጻፉ፤ ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ ደግሞ ከመክሰሱ በፊት የእርዳታ ማመልከቻ ዕድል ሰጥቶዎት እንደሆነ በማስረጃ እንዲያሳይ ይጠይቁ። 240 ቀኑ ካላለፈ ማመልከቻውን በዚያው ሳምንት ያስገቡና ማህተም ያለበትን ኮፒ ይዘው ይቅረቡ። የአካባቢው ሊጋል ኤይድ ቢሮ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በነጻ ይረዳል፤ የሚደወለው መጥሪያው በደረሰ ዕለት ነው።