የሊኑክስ ዲስትሮ ምንድን ነው? የቱንስ ልጫን?

ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ አርች። ሁሉም ሊኑክስ ናቸው፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑ፤ ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ እያለ ያወጣው ሊኑክስ ከርነል ነው፤ ማለትም ሃርድዌሩን ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል። ብቻውን ምንም አይሠራላችሁም። በላዩ ላይ ዴስክቶፕ (ሜኑውና መስኮቶቹ የሚታዩበት ገጽ)፣ ብሮውዘር፣ የፕሮግራም መጫኛና ሌላም ሌላም ተጨምሮ፣ ሁሉም ተስማምቶ እንዲሠራ ተደርጎ የሚቀርበው ጥቅል ነው ዲስትሮ የሚባለው።

ብዙ ሰው መልኩን አይቶ ነው የሚመርጠው። መልክ ግን በኋላም ይቀየራል፣ ዴስክቶፑን አንስቶ ሌላ መጫን ይቻላል። እኔ መጀመሪያ የማየው አዲስ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚገባና የደህንነት አፕዴቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ ነው። ዴቢያን በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፤ በመሃል ጥገና እንጂ አዲስ ነገር ብዙም አይገባበትም፣ ስለዚህ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው እፎይታ ነው። ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ ይታደሳል፤ አዳዲስ መሣሪያ ለሚፈልግ ፕሮግራመር ጥሩ ነው፣ ግን አንዱ እትም የሚደገፈው ለ13 ወር ያህል ብቻ ነው። አርች ደግሞ እትም የሚባል ነገር የለውም፣ ዝም ብሎ ይታደሳል። መነካካት ካልወደዳችሁ ይቅርባችሁ።

ኡቡንቱ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በየሁለት ዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ የሚወጣው ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ) የሚባለው እትም አምስት ዓመት አፕዴት ያገኛል፣ በመሃል የሚወጡት ግን ዘጠኝ ወር ብቻ። አዲሱ ይሻላል ብሎ ዘጠኝ ወሩን የሚያወርድ ስንት አለ!

ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው የእኔ ምርጫ ሚንት ነው፣ ያለ ብዙ ማመንታት። የተሠራው በኡቡንቱ ኤልቲኤስ ላይ ስለሆነ ያው አምስት ዓመት ድጋፍ አለው፣ ሜኑውም ለዊንዶውስ ሰው እንግዳ አይሆንም። ላፕቶፑ ያረጀ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ ያለበትን ሚንት አውርዱ፣ ቀለል ይላል።

ደግሞ ከመጫናችሁ በፊት ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ዲስካችሁን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? አማርኛ ለመጻፍ ደግሞ አይባስ (IBus) በሚባለው የኪቦርድ ቋንቋ መቀየሪያ ላይ ኤም17ኤን (m17n) የሚባለውን ጨምሩና ትንሽ ተይቡበት።