ነጌቲቭና ፖዘቲቭ ቁጥር መደመር ምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ መጣችና "አጎቴ፣ ማይነስና ማይነስ ፕላስ አይደል እንዴ?" አለችኝ። ሳየው (−3) + (−5) = 8 ብላ ጽፋለች። አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል።

ሕጉን አልፈጠረችውም። ግን የማባዛት ሕግ ነው። (−3) በ(−5) ሲባዛ አዎ፣ 15 ይሆናል። ሲደመር ግን ያ ሕግ አይሠራም፤ እዚህ ጅማ ካስጠናኋቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚደናቀፉት እዚችው ጋ ነው፣ ምክንያቱም አባባሉ ለምላስ ስለሚመች የት እንደሚሠራ ሳይሆን ዜማው ብቻ ጭንቅላታቸው ውስጥ ይቀራል።

ኢንቲጀር የሚባሉት ክፍልፋይ የሌለባቸው ቁጥሮች ናቸው። 1፣ 2፣ 3 እያሉ የሚሄዱት (ፖዘቲቭ)፣ ዜሮ፣ ከዜሮ በታች ደግሞ −1፣ −2 እያሉ የሚወርዱት (ነጌቲቭ)። በቃ።

ወደ መደመሩ። ሰፈራችን ጥግ ላይ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ጠርዙ በዘይት የወዛ የዱቤ ደብተር አለው። "ጠዋት የ30 ብር ዳቦ በዱቤ ወሰድን፣ ማታ የ50 ብር ሳሙና ጨመርን። ስንት ሆነ?" አልኳት።

"80።"

"እና 80 ብር ይሰጠናል ወይስ ይጠይቀናል?"

ሳቀች። (−30) + (−50) = −80። ዕዳ ላይ ዕዳ ሲጨመር ዕዳው ይበዛል እንጂ ገንዘብ አይሆንም።

አንዱ ዕዳ፣ ሌላው ጥሬ ብር ሲሆን ደግሞ ይጣፋሉ። 80 ዕዳ እያለብን 100 ብር ይዘን ብንሄድ 20 ይተርፈናል። 60 ብቻ ይዘን ብንሄድ ገና 20 ይቀርብናል፤ (−80) + 60 = −20። ስለዚህ ምልክቱን ለጊዜው ትረሱትና ከትልቁ ላይ ትንሹን ትቀንሳላችሁ፣ ለመልሱ የትልቁን ምልክት ትሰጡታላችሁ። "ትልቁ" ስል ከዜሮ የራቀውን ማለቴ ነው። እንደ ቁጥርማ ከሄድን 60 ከ−80 ይበልጣል፤ ርቀቱን ከቆጠርን ግን 80 ነው የሚርቀው።

ይኼን ነገርኳት፣ ሸመደደችው፣ ግን "ለምን?" የሚለው ፊቷ ላይ ነበር። ኅዳር ነው፣ ጓሯችን ቡና እየተለቀመ ነው። ሰፌድ አመጣሁና አራት ቀይ እሸት ቡናና ከአምና የተረፈ ሰባት ጥቁር ጀንፈል ደረደርኩ። ቀዩ ፕላስ አንድ፣ ጀንፈሉ ማይነስ አንድ። አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሲጣመሩ ዜሮ ናቸው። አጣመረቻቸው። ጓደኛ ያጡ ሦስት ጀንፈሎች ቀሩ። 4 + (−7) = −3። መቀነሱ ከየት እንደመጣ ያኔ ነው የገባት፤ የተጣመሩት ከጨዋታ ወጥተው የቀረው ነው የሚቆጠረው።

ዘዴው የእኔ እንዳይመስላችሁ። ቻይናዊው ሊዩ ሁዊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ263 ስለ መቁጠሪያ እንጨቶች ሲጽፍ ፖዘቲቩን በቀይ፣ ነጌቲቩን በጥቁር እንጨት አሳዩ ብሏል። (ዛሬ ኪሳራ በቀይ ነው የሚጻፈው፤ ተገላቢጦሽ።) የዱቤ ደብተሩም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 እነዚህን ሕጎች ሲያስቀምጥ "ሀብት" እና "ዕዳ" እያለ ነው። ዕዳና ዕዳ ሲደመር ዕዳ ነው ብሎ ጨርሶታል።

ሌላው የሚያምታታው ያቺ ሰረዝ ሁለት ሥራ መደረቧ ነው። 5 − 8 ላይ "ቀንስ" የሚል ትእዛዝ ናት። −8 ላይ ደግሞ የቁጥሩ የራሱ ምልክት ናት። ደግነቱ 5 − 8 እና 5 + (−8) መልሳቸው አንድ ነው፣ −3፤ ስለዚህ መቀነስ የከበዳችሁ ሁሉንም ወደ መደመር ቀይሩት። ሁለት ማይነስ ጎን ለጎን ሆነው ፕላስ የሚሆኑትም ዕዳ ሲነሳ ነው። ባለሱቁ ደስ ብሎት "የዳቦዋን ትቼላችኋለሁ" ብሎ 30ዋን ቢሰርዛት፣ −80 − (−30) = −50። ዕዳ ተነሳልን፣ እኛ ዘንድ 30 እንደ ገባ ቁጠሩት። ባለሱቁ ይኼን አድርጎ አያውቅም እንጂ።

መጨረሻ ላይ "በቀሩት ሦስት ጀንፈሎች ላይ ሦስት ቀይ ብንጨምርስ?" አልኳት። ከቅርጫቱ ሦስት እሸት አንስታ አጣመረች። ሰባት በሰባት። "ዜሮ ነዋ!" ብላ አንዱን እሸት አፏ ውስጥ ጣል አድርጋ ጣፋጩን መምጠጥ ጀመረች።

"አሁንስ?"

ሰፌዱን አየችና፣ አፏ እንደሞላ፣ "ማይነስ አንድ" አለች።