«ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ»፦ ስለ መኪና ቴፕ ሽቦ የሰለቹኝ ስህተቶች

«ሽቦ እኮ ሽቦ ነው። ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ አገናኘውና ልሂድበት።»

ይህን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማ መቁጠር ትቻለሁ። አዳማ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ደንበኛው በቴፑ ቦታ የሚገባ አዲስ አንድሮይድ ስክሪን በካርቶኑ ታቅፎ ይመጣል። ለስክሪኑ ሳይሳሳ ከፍሏል። የመኪናውን ሶኬት ሳይቆረጥ ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘውን ሃርነስ ግዛ ስለው ግን ፊቱ ይጠቁራል። «ቆርጠህ ማገናኘት እያለ ለምን ወጪ ታበዛብኛለህ?»

እሺ፣ ከቀለሙ እንጀምር።

ከገበያ የሚገዙ ቴፖች ቀለማቸው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ 12 ቮልት የሚያገኝ ነው። ቀዩ የሚያገኘው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው። ጥቁሩ ነጌቲቭ። ነጭና ግራጫ የፊት ስፒከሮች፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የኋላ ናቸው። ስህተቱ መኪናውም ይህን ይከተላል ብሎ ማሰብ ነው። አይከተልም!

ከተማውን የሞላውን ቶዮታ ውሰዱ። ብዙዎቹ ከቴፑ ጀርባ ሁለት ሶኬት አላቸው፤ አንዱ ባለ 10፣ ሌላው ባለ 6 ፒን። በባለ 10ሩ ላይ የባትሪው ሽቦ ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለበት ነው። የቁልፉ ግራጫ፣ ነጌቲቩ ቡናማ። ታዲያ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሉም? አሉ፣ ባለ 6ቱ ላይ። ግን የኋላ ስፒከር ሽቦዎች ናቸው! ቀይና ነጭ የቀኙ፣ ጥቁርና ቢጫ የግራው። ስለዚህ «ቀይ ከቀይ» ያለ ሰው የቴፑን የኃይል ሽቦ ስፒከር ላይ አሰረው ማለት ነው። በዚህ እንኳ ቴፑ ዝም ይላል እንጂ ብዙም አይጎዳም።

የሚገድለው ግራጫው ነው። በቴፑ በኩል ግራጫ የፊት ቀኝ ስፒከር ነው። በቶዮታ በኩል ግን 12 ቮልት የሚመጣበት። አንድ ቪትዝ እንዲህ ሆኖ መጥቶልኛል። ሌላ ቦታ ነው የተሠራው። ሠሪው ሶኬቱን በፒንሳ ቆርጦ ቀለም ከቀለም አገናኝቷል። ቴፑ እምቢ ሲለው በቴስተር የባትሪውን ሽቦ ፈልጎ ቀዩንም ቢጫውንም አንድ ላይ እዚያ አሰራቸው። ግራጫውን ግን እንዳለ ተወው። ቁልፉ ሲዞር 12 ቮልት በስፒከሩ መውጫ ገባና ቴፑን አቃጠለው። ባለቤቱ «ፌክ ሸጡልኝ» እያለ ነጋዴውን ሲረግም ነበር። ቴፑ ሲገዛ ምንም አልነበረበትም። የተቆረጠውን ሶኬት ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ፈልገን መለስነው፤ የከፈለው ደግሞ አዲስ ሃርነስ ከሚገዛበት በላይ ነው።

ቀዩንና ቢጫውን ማሰርም የራሱ ጣጣ አለው። «ሁለቱም ፖዘቲቭ አይደሉ?» ይሉኛል። ናቸው። ግን ሁለቱን ባትሪው ላይ ካሰርካቸው መኪናው ጠፍቶም ቴፑ አይጠፋም፤ ጠዋት ጎረቤት ለግፊ ትጠራለህ። ቁልፉ ላይ ካሰርካቸው ደግሞ ሰዓቱም የያዝካቸው ጣቢያዎችም በየቀኑ ይጠፋሉ። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ሃርነስ ገዝተህም የሁለቱ ቦታ ተገላብጦ ታገኘዋለህ። ብዙ ቴፖች በእነዚህ ሁለት ሽቦዎች ላይ የሚነቀል መጋጠሚያ ያላቸው ለዚህ ነው። አፈራርቀህ ትሰካለህ፤ መቀስ አያስፈልግም።

«ሶኬቱ ከገባ ትክክል ነው» የሚሉም አሉ። የለም። የቻይና ስክሪኖች ጀርባ ሶኬቱ መንታ መስሎ የውስጡ ፒን አደራደር ሊለያይ ይችላል። የጓደኛህ ሃርነስ ገጥሞልህ ስክሪንህን ሊያቃጥል ይችላል። በመልቲሜትር ሳይለካ አይሰካም፣ አለቀ።

የስፒከር ነጌቲቭን ቦዲ ላይ ማሰር በጥንት መኪና ቀረ። የዛሬ ቴፕ በሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ድምፅ ይልካል። አንዱን ቦዲ ላይ ካሰርከው አምፕሊፋየሩን ታበላሻለህ።

ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ትልቅ ማስገባት? ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። 10 አምፔሩን በ30 ስትቀይረው በፊውዙ ፋንታ ሽቦው ይቃጠላል።

«50 በ4 ዋት ነውና ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል» የሚባለውም ካርቶኑ ላይ ያለ ወሬ ነው። እውነተኛው በአንድ ስፒከር ወደ 20 ዋት ነው። ለብቻው የሚገዛ አምፕሊፋየር ግን ከሃርነሱ ሳይሆን ከባትሪው ቀጥታ፣ በራሱ ፊውዝ ይስባል።

አሁን ወደ ጅቡቲ መስመር የሚሠሩ ወንድሞቼ። ከባድ መኪና ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተቀጣጥለው 24 ቮልት ነው፣ ቴፑ 12። «ከአንዱ ባትሪ እንጥለፍ» ትላላችሁ። ይሠራል፤ ለዛሬ። ግን ያ ባትሪ ለብቻው እየደከመ፣ ጓደኛው ከሚገባው በላይ እየሞላ ሁለቱም ያለቅጥ ያረጃሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ግዙ። በመተሃራ ሙቀት ባትሪ ቀድሞም አይበረክትም።

ስለ ሙቀት ካነሳን፣ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም ይቅር። በአዳማ ፀሐይ ሙጫው ይቀልጥና ሽቦው እርቃኑን ይቀራል። መበየድ ወይም በብረት ማያያዣ በደንብ መጨበጥ፣ ከዚያ በሙቀት የሚሰበሰበውን ፕላስቲክ ማልበስ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ሬዲዮ መቀየር ክልክል መስሏችኋል። እዚያም ሬዲዮው በ12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ነው የሚሠራው። ብርቱካናማ ኬብል ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ ከፍተኛ ቮልት ነው። ዳሽቦርድ ስር ያለው ቢጫ ሶኬትም የኤርባግ ነው፣ አይነካ።

ሃርነስ ልትገዙ ስትሄዱ «ለቶዮታ ስጡኝ» ብቻ አትበሉ። ሞዴሉንና የተሠራበትን ዓመት ያዙ፤ መሪው ላይ የድምፅ ቁልፍ ካለ እሱንም ተናገሩ፣ የራሱ ሽቦ አለው። ከሁሉ በፊት ግን አሮጌውን ቴፕ አስነቅላችሁ ሶኬቱን በስልክ ፎቶ አንሱት። ከሩቅ አይደለም። ፒኖቹ መቆጠር አለባቸው።