የአስቂኝ የፍቅር ፊልም መክፈቻ፦ ተማሪ ፊልም ሠሪዎች የሚይዟቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በእንግሊዝ አገር ኦሲአር የተባለው የፈተና ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት የሚዲያ ጥናት ተማሪዎችን አንድ ሥራ ያሠራ ነበር፦ የአዲስ ልብ ወለድ ፊልም ታይትል (ስክሪኑ ላይ የሚወጡት የፊልሙና የሠሪዎቹ ስሞች) እና መክፈቻ ቀርጸው ማቅረብ። ርዝመቱ ከ2 ደቂቃ፣ ቡድኑም ከ4 ሰው አይበልጥም ነበር። ከ100 ነጥብ 20ው ለጥናትና ዕቅድ፣ 60ው ለተሠራው ቪዲዮ፣ 20ው ለግምገማ ይሰጥ ነበር። የግምገማው የመጀመሪያ ጥያቄ ሥራው የእውነተኛ ፊልሞችን ልማድ እንዴት እንደተጠቀመ፣ እንዳዳበረ ወይም እንደተገዳደረ የሚጠይቅ ነበር። ልማድ ማለት እዚህ ላይ አንድ ዘውግ (የፊልም ዓይነት) ደጋግሞ የሚሠራበት፣ ተመልካቹም ማንም ሳይነግረው የሚያውቀው አካሄድ ነው።

አስቂኝ የፍቅር ፊልም ለዚህ ሥራ ቀላል ይመስላል። ደም፣ ሽጉጥ፣ ጭንብል አይፈልግም፤ አንድ ቤት፣ አንድ ካፌ፣ አንድ መንገድ ይበቃዋል። ነገር ግን ከአስፈሪ ፊልም ይከብዳል። አስፈሪ ፊልም ውስጥ ጨለማው ብዙ ስህተት ይሸፍናል፤ እዚህ ሁሉም ነገር ብርሃን ላይ ነው። ከታች የተዘረዘሩት አመለካከቶች በተማሪ ሥራ ላይ ብዙ ጉዳት የሚያደርሱት ናቸው።

«ፍቅረኞቹ በመክፈቻው ላይ መገናኘት አለባቸው»

የለባቸውም። ዘውጉን መልክ ካስያዙት አንዱ የሆነው የ1934ቱ «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» የሚጀምረው በመርከብ ላይ ነው፤ የሀብታም ልጅ ምግብ አልበላም ብላ ከአባቷ ጋር ትጣላና ባሕር ውስጥ ዘላ ትገባለች። የምታፈቅረው ሰው ገና አልታየም። የ1993ቱ «ስሊፕለስ ኢን ሲያትል» በቺካጎ መቃብር ላይ፣ ሚስቱን በቀበረ አባትና በልጁ ይጀምራል፤ ሁለቱ ፍቅረኞች በወጉ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ አናት ነው። በሌላ በኩል የ1989ኙ «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» ወዲያው ያገናኛቸዋል፤ ሴቲቱ በመኪና ስትደርስ ግን ሰውየው ሌላ ሴት እየሳመ ነው።

እነዚህን መክፈቻዎች አንድ የሚያደርጋቸው ጉድለት ነው። እያንዳንዱ የሰውየው ወይም የሴትየዋ ሕይወት ውስጥ ምን እንደጎደለ ያሳያል፤ ነጻነት፣ የሞተች ሚስት፣ ወይም ሌላውን የመረዳት ችሎታ። ስለዚህ ካሜራ ከመያዝ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «እገሊት ይህ አላት፤ ይህ ግን የላትም፤ መጉደሉንም አታምንም።» ለምሳሌ ጀበና ጥዳ፣ ስኒ ደርድራ፣ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውንም ብቻዋን የምትጠጣ ሴት። ቡና ብቻን እንደማይጠጣ ለሚያውቅ ተመልካች ይህ በ20 ሰከንድ ውስጥ ያሳዝናልም፣ ያስቃልም። ይህችን ሴት እስከ መጨረሻው በምሳሌነት እንይዛታለን።

«መክፈቻ አጭር ፊልም ነው»

ብዙ ቡድን እዚህ ይወድቃል። በ2 ደቂቃ ያገናኛል፣ ያፋቅራል፣ ያጣላል፣ ያስታርቃል። የሚወጣው የፊልም ማስታወቂያ (ትሬለር) እንጂ መክፈቻ አይደለም። ማስታወቂያ ከመላው ታሪክ ላይ ቅንጫቢ ይሰበስባል፤ መክፈቻ የቀረው 90 ደቂቃ እንዳለ አምኖ በእርጋታ አንድ ነገር ይጀምራል።

ልኩን በቁጥር እዩት። አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ስክሪፕታችሁ ከ2 ገጽ አይለፍ። አንድ ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቁራጭ) በአማካይ 4 ሰከንድ ቢቆይ 30 ሾት ይኖራችኋል። እነዚህን 30 ሾቶች ከ14 የካሜራ አቀማመጥ ማውጣት ይቻላል፤ እያንዳንዱ አቀማመጥ ከነላይቱ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ 7 ሰዓት ሥራ ነው። ከአንድ ቀን በላይ የሚጠይቅ ዕቅድ ካላችሁ ካሜራውን ሳይሆን ታሪኩን ቀንሱ።

«ብዙ ፊልም አይቶ የጋራቸውን መዘርዘር ጥናት ነው»

«ቡና ይደፋል፣ የቅርብ ጓደኛ አለ፣ ከተማው ከላይ ይታያል» የሚል ዝርዝር ማንም ያወጣል። ዝርዝሩ ግን ለምን እንደሆነ አይናገርም፤ ለምን እንደሆነ የማያውቅ ደግሞ ቡናውን ደፍቶ ዝም ይላል።

የሚሻለው ጥቂት ፊልም ወስዶ የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ሦስት ጊዜ ማየት ነው። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ፤ ከዚያ ምስሉን ሸፍናችሁ በድምፅ ብቻ፤ በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ። በየ5 ሰከንዱ አራት ነገር በሠንጠረዥ መዝግቡ፦ የሾቱን መጠን (ከቅርብ ወይም ከሩቅ መሆኑን)፣ የሚሰማውን፣ ታይትል መኖር አለመኖሩን፣ ስለ ገጸ ባሕሪው አሁን ያወቅነውን አዲስ ነገር። አራተኛው አምድ ለረጅም ጊዜ ባዶ የሚሆንበት ቦታ ካለ ፊልሙ በዚያ ሰዓት ድባብ እየገነባ ነው። የራሳችሁን ሥራም ኤዲት ካደረጋችሁ በኋላ በዚሁ ሠንጠረዥ መዝኑት። ልማድን መገዳደር የሚቻለውም ከዚህ በኋላ ነው፤ ሥራውን የምታውቁትን ልማድ ብቻ ነው አውልቃችሁ በሌላ መተካት የምትችሉት።

«የዚህ ዘውግ ላይት ደማቅ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገር አብሩት»

ይህ ቴክኒካዊ ስህተት ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። የዘውጉ መልክ «ሃይ ኪ» የሚባለው አበራር ነው። ትርጉሙ ብርሃኑ ብዙ ነው ማለት ሳይሆን በብርሃንና በጥላ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው ማለት ነው። የፊቱ ብሩህ ጎን ከጥላው ጎን በግምት እጥፍ ይበራል፤ ከዚያ አያልፍም። ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን ድራማ ወይም የወንጀል ፊልም መምሰል ይጀምራል።

መብራት መግዛት አያስፈልግም። ተዋናይቷን ከትልቅ መስኮት አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቃችሁ፣ መስኮቱ በጎኗ እንዲሆን አስቀምጧት። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ስስ ነጭ መጋረጃ ጣሉበት። በሌላው ጎኗ፣ ከፍሬሙ ውጭ፣ አንድ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነጭ ፎም ወይም ትልቅ ነጭ ካርቶን አቁሙ፤ ጥላው እስኪለሰልስ ድረስ አስጠጉት። ከግድግዳው 2 ሜትር ትራቅ፤ ተጠግታ ከተቀመጠች ጥላዋ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ክፍሉም ይጠብባል።

የጠይም ሰው ፊት በነጭ ግድግዳ ፊት ሲቀረጽ ደግሞ የተለየ ችግር አለ። አውቶማቲክ ካሜራ የፍሬሙን አማካይ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፣ ነጩን ግድግዳ ሲያይ ሁሉንም ያጨልማል፤ የመጀመሪያው ተጎጂ ፊት ነው። ነጭ ነጠላም እንዲሁ ያደርጋል። መፍትሔው ሦስት ነው፦ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ፊት ላይ ለክቶ መቆለፍ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለው ግድግዳ መምረጥ፣ ነጭ ልብሱን በክሬም ቀለም መተካት። ፊቱ በትክክል እየበራ መስኮቱ ትንሽ ቢነጣ ማንም አይቀየምም። ፊቱ ከጠፋ ግን ፊልሙ ጠፋ፤ ይህ ዘውግ የሚኖረው በፊት ላይ ነው።

ኢትዮጵያም እንግሊዝም የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ኸርዝ ነው፤ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ስልካችሁ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሴኮንድ ላይ ከሆነ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ምስሉ ላይ የሚንከባለል ጥቁር መስመር ይመጣል። በ25 ፍሬም እና 1/50 ቅረጹ። በአሜሪካ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ 30 ፍሬም እና 1/60 ይስማማል።

የጀበናው እንፋሎት እንዲታይ ከፈለጋችሁ ብርሃን ከኋላው ይምጣ፣ ከእንፋሎቱ ጀርባም ጥቁር ነገር ይኑር፤ በነጭ ግድግዳ ፊት እንፋሎት አይታይም። ለቀረጻ ሲባል ከሰል በተዘጋ ክፍል ለሰዓታት አይነድ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ተጠቀሙ።

«ሳቅ የሚመጣው ከቀልድ ንግግር ነው»

ተማሪዎች ቀልድ ጽፈው ተዋናዮቹ እየሳቁ ይናገሩታል፤ ተመልካቹም ዝም ይላል። ገጸ ባሕሪው የሚያደርገው ነገር አስቂኝ መሆኑን ፈጽሞ ማወቅ የለበትም። በ1994ቱ «ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊውነራል» መክፈቻ ሰውየው ለሰርግ አርፍዶ ይነሣል፤ የሚያስቀን ድንጋጤው እውነተኛ መሆኑ ነው። የኛዋ ሴትም ቶናውን ለባዶ ወንበር ልትሰጥ እጇን ስትዘረጋ በሙሉ ቁም ነገር ትዘርጋ።

ቀሪው የካሜራና የኤዲቲንግ ሥራ ነው። አካላዊ ቀልድ በሰፊ ሾት፣ ሳይቆረጥ ይታይ፤ ሲቆራረጥ ተመልካቹ ውድቀቱን አያምንም። ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ቆዩ፤ ያች ዝምታ ናት የምታስቀው። ከዚያ ወደ ሚያየው ሰው ፊት ቁረጡ። በር ሲከፈት ወይም ሰው ሲቀመጥ ከአንዱ አቀማመጥ ወደ ሌላው ለመቁረጥ ደግሞ ድርጊቱ በሁለቱም አቀማመጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደገም፣ መቁረጫው በእንቅስቃሴው መሐል ይሁን። ኦሲአር ከዋናው ሥራ በፊት አንድ ሰው በር ከፍቶ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ ከሌላ ሰው ፊት ተቀምጦ ጥቂት ቃል ሲለዋወጥ ቀርጹ የሚል ልምምድ ይሰጥ የነበረው ለዚህ ነው።

«የታወቀ ዘፈን ካስገባን ድባቡ ይመጣል፤ 30 ሰከንድ ደግሞ በሕግ ነጻ ነው»

30 ሰከንድ ነጻ የሚያደርግ ሕግ የለም። አንድ ዘፈን ላይ ቢያንስ ሁለት መብት አለ፤ የግጥሙና የዜማው አንድ፣ የተቀረጸው ድምፅ ሌላ። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን፣ ከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁን ለየብቻ ይጠብቃል። ክራር የሚመታ ጓደኛ ካለ አንድ ደቂቃ የራሱን ዜማ ያስቀርጽ፤ የተሻለ ይሆናል።

ዘፈን የሚጠቅመው ሥራ ሲኖረው ነው። የ1999ኙ «ቴን ቲንግስ አይ ሄት አባውት ዩ» ሲጀምር በአንድ መኪና ውስጥ ያሉ ሴቶች በለስላሳ ፖፕ ዘፈን ራሳቸውን ይወዘውዛሉ፤ ከጎናቸው ዋናዋ ገጸ ባሕሪ የሮክ ዘፈን እያስጮኸች ትቆምና የነሱን ትውጠዋለች። አንድም ቃል ሳትናገር ማን እንደሆነች አወቅን። በቡናው ምሳሌ የሙቀጫው ምት ራሱ ሙዚቃ ሊሆን ይችላል፤ ዜማው በዚያ ምት ላይ ይግባ።

ድምፁን ስትቀላቅሉ በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ላይ የንግግሩ ከፍታ -12 ዴሲቤል አካባቢ፣ ከሥሩ ያለው ሙዚቃ ከ-22 በታች ይሁን። በየክፍሉ የ30 ሰከንድ ባዶ ድምፅ (ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ብቻ) ቅረጹ፤ ያለሱ በየቁራጩ መካከል ድምፁ ሲበጠስ ይሰማል።

«ታይትል በመጨረሻ የሚለጠፍ ሮዝ ጽሑፍ ነው»

ታይትል ከስክሪፕቱ ጋር ይታቀዳል። የተለመደው ቅደም ተከተል አከፋፋይ ድርጅት፣ አምራች ድርጅት፣ ዋና ተዋናዮች፣ የፊልሙ ርዕስ፣ ሌሎች ተዋናዮች፣ ከዚያ አልባሳት፣ ሙዚቃ፣ ኤዲተር፣ የካሜራ ባለሙያ፣ ፕሮዲዩሰር፣ ደራሲ፣ በመጨረሻ ዳይሬክተር ነው። 12 ታይትል እያንዳንዱ 3 ሰከንድ ሲቆይ 36 ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ባዶ የሆነ ፍሬም ያላቸው ሾቶች አስቀድማችሁ ቅረጹ። ጽሑፍ ከፍሬሙ ጠርዝ 10 በመቶ ገባ ይበል፤ ሰው ሲናገር አይውጣ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ቅርጽ ስለሌለው ዋናውን ስም ከሥራ ድርሻው የምትለዩት በመጠንና በውፍረት ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ሞክሩት፤ «ሰ» እና «ሱ» ካልተለዩ አሳድጉት። ታይትል ከመጀመሪያው ሰከንድ መጀመር አለበት የሚባለውም ልክ አይደለም፤ «ብሪጅት ጆንስስ ዳያሪ» (2001) የአዲስ ዓመት ግብዣውን ጨርሶ፣ ሴቲቱን ካሳፈረ በኋላ ነው ወደ ታይትሉ የሚገባው።

ተራኪ ድምፅ ስንፍና ነው የሚሉም አሉ። ምስሉ የሚያሳየውን ከደገመ አዎ ነው። ምስሉን ከተቃረነ ግን ርካሽና ጥሩ ቀልድ ነው፤ «ብቻዬን መሆን ይመቸኛል» ስትል ሦስት ስኒ ስትደረድር እንያት።

«ሁለተኛው ደቂቃ ሲያልቅ ስክሪኑ ቀስ ብሎ ይጥቆር»

ቀስ ብሎ መጥቆር ታሪኩ አለቀ ይላል። መክፈቻ የሚቆረጠው ነገሩ ሊጀምር ሲል ነው። በረካው ተቀድቷል፤ በሩ ይንኳኳል፤ ሴትየዋ ከስኒው ወደ በሩ ቀና ትላለች። ሁለተኛ ማንኳኳት ሲሰማ፣ የመጣው ሰው ሳይታይ፣ በእሷ ፊት ላይ ቁረጡ።