ኮርኒያል ዲስትሮፊ ምንድን ነው?

ጠዋት ስትነቁ ሁሉ ነገር ጉም ለብሶ ይታያችኋል እንበል። ዓይናችሁን ብትታጠቡትም አይጠራም። ረፋዱ እየገፋ ሲሄድ ግን ጉሙ በራሱ ጊዜ ይገፈፋል፤ በማግስቱም ይመለሳል። ፉክስ ዲስትሮፊ የሚባለው ኮርኒያል ዲስትሮፊ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሕመሙ ስሙን ያገኘው በ1910 እ.ኤ.አ. ከገለጹት ኦስትሪያዊ የዓይን ሐኪም ከኤርንስት ፉክስ ነው።

ኮርኒያ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ብዙ ሰው «የዓይን ብሌን» ይለዋል፤ ብሌን የሚለው ቃል ግን መሃል ላይ ላለው ጥቁር ክብም ስለሚያገለግል እኔ ኮርኒያ ማለቱን እመርጣለሁ። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ የደም ሥርም የለውም። ጥራቱን ጠብቆ የሚቆየው ያለ ድካም አይደለም፦ በውስጠኛው ገጹ የተደረደሩ ሴሎች ወደ ውስጡ የሚሰርገውን ውሃ ቀን ከሌት ይቀዱለታል። በፉክስ ዲስትሮፊ እነዚህ ሴሎች ቀድመው ያልቃሉ፤ ምትክ ደግሞ አያበቅሉም። ውሃ ያቆረ ኮርኒያ ያብጣል፤ ብርሃንም ይበታተንበታል። ሌሊት የዓይን ቆባችን ስለሚከደን ትነት የለም፣ ስለዚህ ጠዋት ይብሳል። ለዚህም ነው አንዳንድ ሐኪሞች የፀጉር ማድረቂያን ክንድ ያህል አርቆ በለብታ አየር ፊትን ማናፈስ የሚመክሩት። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ፉክስ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ዲስትሮፊ የሚባሉት ከጀርም ወይም ከጉዳት ሳይሆን ከጂን የሚነሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን የሚይዙ የኮርኒያ ሕመሞች ናቸው። በአንዳንዶቹ ቲጂኤፍቢአይ የተባለ ጂን ይዛባና ፕሮቲን በኮርኒያው ውስጥ ይጠራቀማል፦ በአንዱ ዓይነት የዳቦ ፍርፋሪ ይመስላል፣ በሌላው የተጠላለፈ ክር። የላይኛው ሽፋን በደንብ የማይጣበቅባቸውም አሉ፤ ሰውየው ሲነቃ ቆቡ ሽፋኑን ልጦት ይነሳና በሕመም ይጮኻል።

የቲጂኤፍቢአይ ችግር ከአንድ ወላጅ ብቻ ይወረሳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ማኩላር የሚባለው ዓይነት ግን የተዛባውን ጂን ከእናትም ከአባትም መውረስ ይጠይቃል። መነጽር ለመጣል በሌዘር መታከም የሚያስብ ሰው በቤተሰቡ ይህ ሕመም ካለ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር፤ በተለይ አቬሊኖ በሚባለው ዓይነት ሌዘሩ ራሱ ክምችቱን ያባብሳል።

ሕክምናው ከጨዋማ ጠብታ እስከ ንቅለ ተከላ ይደርሳል። ለፉክስ ዛሬ የሚተካው ውስጠኛው ስስ ሽፋን ብቻ ሊሆን ይችላል። በቲጂኤፍቢአይ ሕመሞች ግን ክምችቱ ከዓመታት በኋላ በተተከለው ኮርኒያ ላይም ሊመለስ ይችላል፤ ጂኑን የተሸከሙት የታማሚው የራሱ ሴሎች ወደ አዲሱ ይሻገራሉና።