«ልጄ ይተረጉምልኛል» ለምትሉ ወላጆች (እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች)

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ላይ እንዳስተረጉም ጠርተውኝ ሄድኩ። አባትየው ገና ሲያዩኝ «ውይ ልጄ፣ ምን አደከመሽ፣ የኔው ልጅ ይተረጉምልኝ የለ» አሉኝ። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። ስብሰባው ደሞ የተጠራው እሱ ክፍል ውስጥ ስለሚያደርገው ነገር ነው። ማለት ተከሳሹም አስተርጓሚውም እሱ ሊሆን! ልጁን ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ላይ የነበረው ተስፋ እስካሁን ያስቀኛል።

እንግዲህ በዲሲና ሜሪላንድ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ማስተርጎም ከጀመርኩ 12 ዓመቴ ነው፣ ይቺን «ልጄ ይተረጉምልኛል» የምትል ነገር የማልሰማበት ሳምንት የለም፣ ዛሬ በቃኝ። ግን እሷ ረዥም ናት፣ መጀመሪያ ትንንሾቹን ላራግፍ።

«አማርኛ ካወራነው እንግሊዝኛው ይበላሽበታል።» አይበላሽም። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት፣ ከዩቲዩብ፣ ከጓደኛ ያመጣዋል፣ ልከልክለው ብትሉ እንኳን አትችሉም። የሚጠፋው አማርኛው ነው። ደሞ ይቅርታ አርጉልኝና፣ እኛ ቤት ውስጥ የምናወራትን የተሰባበረች እንግሊዝኛ ከሚማር እናቱ በደንብ የምትችለውን ቋንቋ ቢሰማ ይሻለዋል።

«ኢሶል የሰነፍ ክፍል ነው፣ አስወጡልኝ።» ኧረ በእናታችሁ! ኢሶል እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች የሚሰጥ ድጋፍ ነው እንጂ የሰነፍ ማጎሪያ አይደለም። ልጁ በዓመት በሁለት ዓመት ከጓደኞቹ ጋ ሲቀልድ ስታዩ «ጨረሰ» ትላላችሁ፣ ግን የጨዋታ እንግሊዝኛና የሳይንስ መጽሐፍ እንግሊዝኛ አንድ አይደሉም። ቶሮንቶ ያለው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ይሄን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲናገር ኖሯል፣ የትምህርቱን ቋንቋ ከእኩዮቹ እኩል ለመድረስ 5 ዓመትና ከዛ በላይ ይፈጃል። በየዓመቱ ይፈተናሉ፣ ሲያልፍ ይወጣል፣ ምን አስቸኮላችሁ።

«ድብርት የፈረንጅ በሽታ ነው።» የኛ ልጆች ደብሮኛል አይሉም፣ ሆዴን አመመኝ ነው የሚሉት። በየሰኞው ጠዋት ሆዱን የሚያመው ልጅ ሁሉ ምርመራው ንጹህ ሲሆን «አስመሳይ» ከማለታችሁ በፊት ትምህርት ቤት ምን አለ ብላችሁ ጠይቁ። ራሴን ልጉዳ የሚል ነገር ከሰማችሁ ደሞ 988 ነው የሚደወለው (ለዚሁ የተዘጋጀ የአሜሪካ የእርዳታ ስልክ ነው)፣ ጎረቤት ጋ አይደለም።

«ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው አፉን ያልፈታው።» እቺ ትንሽ አይደለችም፣ አደገኛ ናት። ሁለት ቋንቋ ልጅን ዲዳ አያደርግም። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ወደ 50 ገደማ ቃል ሊኖረው፣ ሁለት ቃልም ማገጣጠም ሊጀምር ይገባል፣ «ውሃ ስጪኝ»፣ «ሞር ወተት»፣ ቅልቅል ቢሆንም ይቆጠራል፣ የሁለቱም ቋንቋ ቃል ተደምሮ ማለት ነው። ተደምሮም ካልሞላ ችግሩ አማርኛው አይደለም። ጆሮው ይታይ። ይመርመር። ምርመራው ደሞ ነጻ ነው፣ ኢዲያ የሚባለው የ1975ቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ህግ ነው የሚያስገድዳቸው። ሦስት ዓመት ካልሞላው ስቴቱ ያለው የህጻናት ፕሮግራም ጋ፣ ከሞላው በአካባቢያችሁ የትምህርት ዲስትሪክት በኩል፣ ገና ትምህርት ቤት ባይገባም። ግን እኔ ስንቱን ቤተሰብ ሰምቻለሁ መሰላችሁ፣ «አጎቱም እስከ አራት ዓመቱ አላወራም ነበር፣ ዛሬ ኢንጂነር ነው»። ይህ አጎት የማን አጎት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉም ቤት ግን አለ። አራት ዓመት እስኪሞላው በአጎቱ ሲጽናኑ የከረሙበት አንድ ልጅ አራተኛ ዓመቱ ላይ ኦቲዝም ተባለ፣ ስብሰባው ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ቃል ለእናቱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ «ሁለት ዓመት አባከንኩበት» ብላ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እኛ ማጽናናት አይፈቀድልንም፣ የተባለውን ብቻ ነው የምንለው። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው።

«ልጄ ይተረጉምልኛል» ስትሉ እንግሊዝኛውን አስባችሁ ነው። እንግሊዝኛው ችግር የለበትም፣ ችግሩ አማርኛው ነው! እዚህ የተወለደ ልጅ አማርኛው የኩሽና አማርኛ ነው፣ ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አውልቅ፣ አያትህን ሰላም በል። ኩላሊትና ጉበት የሚለይ ልጅ ካላችሁ አምጡትና ልሸልመው። የራሴ አክስት ናት፣ የደም ማቅጠኛ መድሀኒት ታዞላት የ10 ዓመት ልጇ ነው ያስተረጎመላት። ሀኪሙ «ኤቭሪ አዘር ዴይ» አለ፣ ቀን እየዘለልሽ ማለት ነው። ልጁ የሰማው «ኤቭሪ» የሚለውን ነው፣ «በየቀኑ ውሰጂ አለሽ» አላት። እሷም በየቀኑ። የታወቀው እንዴት መሰላችሁ፣ መድሀኒቱ አልቆባት ፋርማሲ ስትሄድ ፋርማሲስቱ «እንዴት ቶሎ አለቀ?» ብሎ በመጠየቁ ነው። ክንዷ ላይ የወጣውን ሰማያዊ ነገር እሷ የበረዶው ብርድ ነው ብላ ነበር።

ሁለተኛ ነገር፣ ልጅ ኤዲት ያረጋል። እኛ ሳንጨምር ሳንቀንስ ነው የምንለው፣ መምህሯ ከሰደበችም ስድቡን ጭምር። ልጅ ግን «ሒሳብ እየወደቀ ነው፣ የቤት ሥራ አያስረክብም» የሚለውን «ጎበዝ ነው ትንሽ ሒሳብ ላይ ይበርታ አለች» አድርጎ ያቀርበዋል። አባት ደስ ብሎት መምህሯን እያመሰገነ ይወጣል፣ መምህሯ ደሞ «እነዚህ ሰዎች ስለ ልጃቸው ግድ የላቸውም እንዴ» ብላ ትቀራለች። ሰኔ ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ሦስተኛው ነው ልቤን የሚያቃጥለኝ፣ ልጁ የሰማውን ይዞ ነው የሚቀረው። ይሄን ከሰው አልሰማሁትም። እኔ በ12 ዓመቴ ነው ከእናቴ ጋ በዲቪ የመጣሁት። በዓመቱ የቤቱ ሚኒስትር ሆኛለሁ፣ ስልክ እኔ፣ ፖስታ እኔ፣ ባንክ እኔ፣ አንዴማ የእናቴን የሥራ ኢንተርቪው በስልክ እሷን ሆኜ አውርቻለሁ (አለፈች!)። ሰው ሁሉ «እቺ ልጅ እኮ ወንድ ናት» ይላል፣ እኔም ደረቴን እነፋ ነበር። ከዛ አንድ ቀን ከአፓርትመንቱ ባለቤቶች ደብዳቤ መጣ፣ ኪራይ ስላልተከፈለ ፍርድ ቤት ቅረቡ የሚል። እናቴ ከሆቴል ጽዳት ገብታ እግሯን በሙቅ ውሃ ነክራ ቁጭ ብላለች። «ምን ይላል?» አለችኝ። «ማስታወቂያ ነው» አልኳት። ደብዳቤውን ፍራሼ ስር ከተትኩት። አራት ቀን እሱ ላይ ተኛሁ። ወደ ጎዳና ሲያስወጡን፣ ሳጥናችን ዝናብ ሲመታው በህልሜ አየሁ። በአምስተኛው ቀን የላይኛው ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ሀበሻ ሴትዮ አሳየኋቸው፣ እሳቸው ለእናቴ ነገሩ፣ ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ደረስንበት፣ በክፍያ ስምምነት አለቀ። እናቴ አልመታችኝም። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብቻ ነው ያለችኝ፣ ምን ብዬ ልመልስ፣ እግርሽን እየነከርሽ ስለነበር ልበላት?

እና አሁን ክሊኒክ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ ሀኪሙ ስለ ጡት ምርመራ ውጤት ማውራት ሲጀምር ሳይ ምን እንደሚሰማኝ ገምቱ። ቃሉን የሰማችው ከእናቷ ቀድማ ነው። እናትየው «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች፣ ልጅቷ ወለል ወለሉን። እኔ የተጠራሁት ለሌላ በሽተኛ ነበር፣ በሩ ክፍት ስለነበር ነው ያየሁት፣ ገብቼ ሀኪሙን አስቆምኩ፣ ከሥራዬ ውጪ ነበር፣ ይቅር በሉኝ አልልም።

ልክ እንሁን፣ ልጅ ሲተረጉም ሁሉ ይጎዳል አላልኩም። ግሮሰሪ ውስጥ ጽሁፍ ማንበብ፣ ለአያት አውቶብስ ቁጥር መንገር፣ ይሄማ መታዘዝ ነው፣ ልጁም ኩራት ይሰማዋል፣ አማርኛውም ይጠነክራል። በሽታ፣ ፍርድ ቤት፣ ዕዳ፣ ኢሚግሬሽን፣ የራሱ የትምህርት ቤት ጉዳይ፣ የእናትና የአባት ጸብ፣ እነዚህ ላይ ግን ልጅ አይገባም። ደሞ በኋላ መጥታችሁ «ልጁ አልታዘዝ አለኝ፣ ናቀኝ» ትሉኛላችሁ። የቤቱን ዕዳ የሚያውቀው፣ ከቢሮ የሚከራከረው፣ ፎርሙን የሚሞላው እሱ ከሆነ ማታ «አሁን ተኛ» ስትሉት ማን ሆናችሁ ነው?

ለምን እንደማትጠሩን ደሞ አውቃለሁ። አንዱ፣ ገንዘብ ያስከፍላል ብላችሁ ነው። አያስከፍልም። ከፌደራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ትምህርት ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ የተነሳ ለናንተ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ ወጪው የሱ ነው። ኦባማኬር የሚባለው የጤና መድህን ህግ አንቀጽ 1557 ደሞ ሀኪም ቤት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ እንዳያደርግ ይከለክላል፣ ነፍስ የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ተፈጥሮ ሌላ ሰው ካልተገኘ በቀር። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ህግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፣ ሜሪላንድ ያለው የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ማስታወቂያቸውን በአማርኛ ያወጣሉ። ሰው ታግሎ ያስገኘውን ነገር እናንተ «አይ ላስቸግር» ብላችሁ ትተዉታላችሁ።

ሁለተኛው፣ እውነተኛው ምክንያት፣ ሀበሻ አስተርጓሚ ወሬ ያወጣል ብላችሁ ነው። «እሁድ ቤተክርስቲያን ይደርሳል።» ይሄን አልስቅበትም፣ የኛን ሰው እናውቀዋለን። ግን ምስጢር ያወጣ አስተርጓሚ እንጀራውን ያጣል። ከኔ ጋ መተያየት ካልፈለጋችሁ በስልክ አምጡልን በሉ፣ ስልኩ ላይ ያለው ሰው ሲያትል ይሁን ዳላስ አታውቁትም፣ እሱም አያውቃችሁም።

አንድ የቀረኝ አለ፣ «ልጅ ነው፣ ቶሎ ይለምዳል» የሚባለው። እዚህ የተወለደው ይልመድ። በሦስት ዓመቱ አገር ቤት አያቱ ጋ ትታችሁት መጥታችሁ በ13 ዓመቱ ያመጣችሁት ልጅ ግን የት ነው የሚለምደው? እማ የሚላት አያቱን ነው፣ እናቱን በስሟ ነው የሚጠራት። ኤርፖርት ላይ የተቀበሉትን ሰዎች የሚያውቃቸው በቪዲዮ ኮል ነው። ቤት ሲደርስ አማርኛ የማይሰማ የአራት ዓመት ወንድም ይጠብቀዋል፣ አልጋውን ይጋራዋል። እናት ደሞ ለሱ ብላ አስር ዓመት ሁለት ሥራ ሰርታለች፣ ምስጋና ትጠብቃለች። ልጁ አያቱን እያለቀሰላት ነው፣ ሞታ ባይሆንም። ይሄ ጥጋብ አይደለም፣ ሀዘን ነው። ከአያቱ ጋ በስልክ በሩን ዘግቶ ያውራ፣ አጠገቡ ቆማችሁ አታዳምጡ። «እማ በለኝ» ብላችሁ አታስገድዱት። ይዞት የመጣውን ጋቢ «ሸተተ» ብላችሁ ላውንድሪ አትክተቱበት፣ አንዷ እናት እንዲህ አድርጋ ልጁ ሁለት ሳምንት አላናገራትም፣ ለካ የሚሸተው አያቱን ነው። «አስቸገረ፣ መልሼ ልላከው» የሚሉ ደሞ አሉ፣ እነሱን ተዋቸው፣ ልጁ ሁለት ጊዜ ተተወ ማለት ነው።

ስልኩን ላስረዳና ልሂድ። የትኛውም ክሊኒክ ወይ ትምህርት ቤት ስትደውሉ ሦስት ቃል በቂ ነው፣ «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር ፕሊስ»። ከዛ ዝም በሉ፣ ስልኩን አትዝጉ፣ ሙዚቃ ይመጣል፣ ጠብቁ፣ አንዳንዴ አስር ደቂቃ ይፈጃል። ቀጠሮ ስትይዙም ያኔውኑ ንገሯቸው፣ ፋይሉ ላይ ይጻፉት። ትግርኛ ወይ ኦሮምኛ የሚቀላችሁ ከሆነም እሱን ጠይቁ፣ አማርኛ የግድ አይደለም። የመጣው ሰው አማርኛው ካልገባችሁ ወይ ካልተመቻችሁ «ሌላ ቀይሩልኝ» ማለት ይቻላል። እኔም ተቀይሬ አውቃለሁ፣ ጎጃሜ ናት አነጋገሯ ይፈጥናል ብለው፣ አልተቀየምኩም።