ኮሪንቲያን-ካዥዋልስ፦ ደሞዝ የማይከፍለው የለንደን ክለብ

በደቡብ ምዕራብ ለንደን ዳር ቶልዎርዝ የምትባል ሰፈር አለች። እዚያ ኪንግ ጆርጅስ ፊልድ በተባለ ትንሽ ሜዳ፣ ቸኮሌትና ሮዝ ማልያ ለብሶ የሚጫወት ክለብ አለ። ስሙ ኮሪንቲያን-ካዥዋልስ ነው። በእንግሊዝ ከፕሪሚየር ሊግ እስከ ሊግ ቱ ባሉት አራት እርከኖች 92 ክለቦች ይጫወታሉ። ከእነሱ በታች ያለው ሁሉ በጥቅሉ ኖን-ሊግ ይባላል። ኮሪንቲያን-ካዥዋልስም ከዚያ ወገን ነው። ደጋፊው ጥቂት ነው፤ ታሪኩ ግን ብዙ ትልልቅ ክለቦች የሚመኙት ዓይነት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በሽንፈት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1881 ስኮትላንድ እንግሊዝን 6 ለ 1፣ በ1882 ደግሞ 5 ለ 1 አሸነፈች። በእግር ኳስ ማኅበሩ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤን. ሌን ጃክሰን ምክንያቱን ፈለገ። ስኮትላንዶቹ አብረው ስለሚጫወቱ ይግባባሉ። እንግሊዞቹ ግን ከየቦታው ተጠርተው ይመጡና ሜዳ ላይ ነው የሚተዋወቁት። ስለዚህ ጃክሰን በ1882 ምርጥ አማተር (ያለ ደሞዝ የሚጫወቱ) ተጫዋቾችን አሰባስቦ ኮሪንቲያንን መሠረተ። ሐሳቡ ሠራ። በ1894 እና በ1895 ዌልስን የገጠመው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አስራ አንዱም ተጫዋቾች የኮሪንቲያን አባላት ነበሩ።

ክለቡ ለዋንጫ ወይም ለሽልማት አልጫወትም የሚል ደንብ ነበረው። ሊግ አልገባም፣ ኤፍ ኤ ካፕም አልገባም። የሚጫወተው የወዳጅነት ግጥሚያ ነው። ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ ሲሆን ግን ደንቡን ያላላ ነበር። እንዲህም ሆኖ የዋንጫ ባለቤቶቹን ይረታ ነበር። በ1884 የኤፍ ኤ ካፕ አሸናፊውን ብላክበርን ሮቨርስን 8 ለ 1 አሸነፈ። ቤሪ በ1903 የዋንጫ ፍጻሜ 6 ለ 0 ያሸነፈ ቡድን ነው። በዓመቱ ከኮሪንቲያን ጋር ሲገናኝ 10 ለ 3 ተሸነፈ። በዚያው በ1904 ማንቸስተር ዩናይትድ 11 ለ 3 ተረታ። ይፋዊ ውድድር ስላልነበረ በመዝገብ አይቆጠርም እንጂ፣ ዩናይትድ እንዲህ ያለ ሽንፈት ከዚያ በኋላም አልደረሰበትም።

ኮሪንቲያኖች ከውጤታቸው ይልቅ በጨዋነታቸው ይታወሳሉ። ፍጹም ቅጣት ምት በ1891 ወደ ሕጉ ሲገባ እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት። ጨዋ ሰው ሆን ብሎ ተጋጣሚውን አይጠልፍም ብለው ያምኑ ነበርና። ፍጹም ቅጣት ሲሰጣቸው ኳሷን ሆን ብለው ወደ ውጭ ይመቱ እንደነበር ይነገራል። ሲሰጥባቸው ደግሞ ግብ ጠባቂያቸው ከመሐል ዞር ብሎ የግቡን ቋሚ ተደግፎ ይቆም ነበር ይባላል።

እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ታዋቂ የግል ትምህርት ቤቶችንና ኦክስፎርድና ካምብሪጅን ያዩ የሀብታም ልጆች ነበሩ። ለእነሱ ደሞዝ አንፈልግም ማለት ቀላል ነው። ለመጫወት ብሎ ሥራ የሚቀር የላንካሻየር ፋብሪካ ሠራተኛ ግን የዕለት ጉርሱን ያጣል። እንግሊዝ በ1885 ለተጫዋች መክፈልን የፈቀደችው ከዚህ የተነሳ ብዙ ከተጨቃጨቀች በኋላ ነው።

ስማቸውን ያስቀጠሉትም ሠራተኞች መሆናቸው ደስ ይለኛል። ቡድኑ በ1910 ብራዚል ሄደ። ሪዮ ላይ ፍሉሚኔንሴን 10 ለ 1 አሸነፈ፤ ከዚያ ሳኦ ፓውሎ ገባ። በዚያን ጊዜ እግር ኳስ በከተማዋ የባለጸጎች ጨዋታ ነበር። ቦም ሬቲሮ በሚባለው የሠራተኛ ሰፈር ያሉ ወጣቶች ግን ጨዋታውን አይተው ተማረኩ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1910 የራሳቸውን ክለብ መሥርተው ኮሪንቲያንስ አሉት። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ያሉት፣ በ2012 የዓለም ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ቼልሲን 1 ለ 0 ያሸነፈው ኮሪንቲያንስ ማለት ይኸው ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ግን ነገሩ ወደ ኋላ ሄደ። በ1914 ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ብራዚል ሲጓዙ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ጉዞው ተቋርጦ ተመለሱ። ብዙዎቹ ዘመቱ፤ ሳይመለሱ የቀሩም ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ለተጫዋች የሚከፍሉት ባለሙያ ክለቦች ጥለዋቸው ሄዱ። ኮሪንቲያንም በ1923 ደንቡን ለውጦ ኤፍ ኤ ካፕ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ብላክበርንን 1 ለ 0 ማሸነፉ በዚያ ውድድር ካስመዘገባቸው ድሎች አንዱ ነው።

ኮሪንቲያን በ1939 ካዥዋልስ ከተባለ ሌላ ክለብ ጋር ተዋሐደ። ካዥዋልስ በ1883 የተቋቋመ፣ በ1905 ኢስትሚያን ሊግ የተባለውን የአማተር ክለቦች ሊግ ከመሠረቱት ስድስት ክለቦች አንዱ የሆነ፣ በ1936 የአማተር ዋንጫን ያነሳ ክለብ ነው። አዲሱ ክለብ በ1956 ለአማተር ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ዌምብሌይ ላይ ከቢሾፕ ኦክላንድ ጋር 1 ለ 1 ወጣ፤ በድጋሚው 4 ለ 1 ተሸነፈ።

የእግር ኳስ ማኅበሩ በ1974 አማተርና ባለሙያ የሚለውን ልዩነት ሰረዘ። ሌሎች መክፈል ጀመሩ፤ ኮሪንቲያን-ካዥዋልስ አልከፍልም አለ። ውሳኔው ዋጋ አስከፍሎታል። ጥሩ ልጅ ሲወጣለት በሳምንት ጥቂት ፓውንድ የሚሰጥ ጎረቤት ክለብ ይወስድበታል። ሜዳም አልነበረውም። ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ኖሮ ቶልዎርዝ የገባው በ1988 ነው።

በዚያው ዓመት ብራዚል ጋበዘችው። ሳኦ ፓውሎ ፓካኤምቡ ስታዲየም ውስጥ የገጠመው ከኮሪንቲያንስ የቀድሞ ኮከቦች ጋር ነበር፤ ሪቬሊኖና ሶክራተስ ነበሩበት። በ1982 የዓለም ዋንጫ ብራዚልን በአምበልነት የመራው ሶክራተስ ብቸኛዋን ግብ አገባ። ከዚያ ማልያውን ቀየረና ቸኮሌትና ሮዙን ለብሶ የቀረውን ጊዜ ለእንግሊዞቹ ተጫወተ። በ2015 ኮሪንቲያን-ካዥዋልስ እንደገና ተጉዞ በኮሪንቲያንስ አዲስ ስታዲየም 3 ለ 0 ተሸነፈ። የቀን ሥራ ያላቸው ተጫዋቾች የገጠሙት የብራዚልን አንደኛ ዲቪዚዮን ቡድን ነው። ለንደን የሚመጡ የኮሪንቲያንስ ደጋፊዎችም ቶልዎርዝ ድረስ እየሄዱ ይህን ክለብ ያዩታል።